የወልደ ጻድቅ ደረሰኝ

ዘርይሁን ከመንግሥት የሚመጣ ደብዳቤ ቆሞ ነው የሚያነበው። ኮቱን ሳያወልቅ፣ የመኪና ቁልፉን እንደያዘ፣ የለንደን ኤድመንተን ፍላቱን በር በጀርባው ደገፍ ብሎ አንድ ጊዜ ያነባል። ከዚያ ወጥ ቤት ገብቶ መብራቱ ሥር ይደግመዋል። እንግሊዝኛው አይቸግረውም፤ አዲስ አበባ ሳለ በአውራ ጎዳና መሥሪያ ቤት የንድፍ ሠራተኛ ስለነበር የሚያነበውም የሚጽፈውም በእንግሊዝኛ ነበር። የሚደግመው፣ ከመስመሮቹ መካከል አንዱ ቦታ ላይ ያደፈጠ ነገር ያለ ስለሚመስለው ነው።

በ1998 ማርች መጀመሪያ፣ አንድ ቅዳሜ ጧት የመጣው ደብዳቤ ግን አራት ጊዜ ተነበበ። ከታክስ ቢሮ ነው። ርዝመቱ ስድስት መስመር ነው። ዘርይሁን ከፎርሙ ጋር አያይዞ የላከው የስጦታ ደረሰኝ የተጻፈው ወልደ ጻድቅ በሚባል ሰው ስም መሆኑን ይገልጽና፣ ይህ ሰው ማን እንደሆነ፣ ከእሱም ጋር ምን ግንኙነት እንዳለው እንዲያስረዳ ይጠይቃል። በጽሑፍም ይሁን በአካል ቀርቦ።

ወልደ ጻድቅ ራሱ ዘርይሁን ነው። በአርባ ቀኑ ክርስትና ሲነሣ የወጣለት ስም ነው። ይህን ስም የሚያውቁት የሞቱት እናቱ፣ የክርስትና አባቱ፣ ሚስቱ አልታየሽ፣ የሃክኒው ቤተ ክርስቲያን ቄስና ጸሐፊያቸው ነበሩ። አሁን ደግሞ የእንግሊዝ ታክስ ቢሮ ተጨመረ።

ነገሩ የመጣው ከስለት ነው። ዘርይሁን በ1989 ለንደን ሲገባ የተሰጠው የመኖሪያ ፈቃድ በየጊዜው የሚታደስ፣ ቤተሰብ ማስመጣት የማያስችል ዓይነት ነበር። ሰባት ዓመት ሙሉ ሚስቱን የሚያውቃት በስልክ ድምፅና ከደብዳቤ ጋር በምትልካቸው ፎቶግራፎች ብቻ ነበር። ሚኒካብ የሚሉትን በስልክ የሚጠራ ታክሲ መንዳት የጀመረባትን ሰማያዊ ኒሳን ብሉበርድ በገዛ ሰሞን፣ ሂትሮው መንገደኛ አድርሶ ባዶውን ሲመለስ፣ መሪውን እንደያዘ ተሳለ። «አባቴ ተክለ ሃይማኖት፣ አልታየሽን ከዚህ አየር ማረፊያ ተቀብዬ በዚችው መኪና ቤቴ ካስገባኋት፣ መኪናዋ ያንተ ናት» አለ።

በ1996 ክረምት አልታየሽ መጣች። መኪናዋ ያኔ አርጅታለች፤ ቢሆንም በየቀኑ እንጀራውን የሚያገኝባት እሷው ነበረች። ዘርይሁን ግን ሳይውል ሳያድር ሌላ በዱቤ ገዛና በነሐሴ ተክለ ሃይማኖት ብሉበርዷን አጥቦ ሃክኒ ወሰዳት። ምእመናኑ የሚሰበሰቡት ከእንግሊዞች በተከራዩት አዳራሽ ነበር። ቄስ ተክለአብ ሞተሩ ላይ ጸበል ረጩ፤ ሴቶቹ እልል አሉ። አንድ ሽማግሌ ጎማውን በጫማቸው ጫፍ መታ መታ አድርገው፣

«ስንት ሄዳለች?» ብለው ጠየቁ።

«መቶ አስር ሺህ ማይል።»

«ታዲያ ከነኃጢአቷ ነዋ የሰጠሃቸው» አሉና ሰዎቹን አሳቁ።

መኪናዋ ከዚያ ወዲህ በሽተኛ ወደ ሐኪም ቤት ማድረስ፣ አስከሬን የሚሸኙትን ማመላለስ ያዘች። የቤተ ክርስቲያኑ ጸሐፊ እትዬ ሮማንወርቅ ደግሞ የደረሰኙን ጥራዝ ገልጠው፣ ለተሳለ ሁሉ እንደሚያደርጉት፣ «የክርስትና ስም?» አሉ። ነገራቸው። በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጻፉት፤ ክብ ሐምራዊ ማኅተም አሳረፉበት። በጸሎት ጊዜ የሚነሣው ስም ይኸው ስለሆነ ሌላ ስም መጻፍ ለእሳቸውም ለእሱም ትዝ አላለም።

ደረሰኙ አንድ ዓመት ተኩል ያህል በመሳቢያ ውስጥ ተቀመጠ። ለራሳቸው የሚሠሩ ሰዎች ገቢያቸውን ራሳቸው አስበው ፎርም እንዲሞሉ የታዘዘው በዚያ ዓመት ስለነበር በሚኒካብ ቢሮው ውስጥ ሌላ ወሬ አልነበረም። አብሮት የሚነዳው አህመዲን፣ አፈኛ የወሎ ልጅ፣ ዋሽንግተን ያለ የአክስቱን ልጅ ታሪክ ያመጣው ያኔ ነው።

«ሙባሽር ያቺን ቆርቆሮ መኪናውን ለበጎ አድራጎት ሰጠና ከታክሱ አስቀነሰባት። አንተ ደህናዋን መኪና ሰጥተህ ዝም ብለህ ተቀምጠሃል።»

«እዚህም ይቻላል?»

«እንግሊዝ ከአሜሪካ ያንሳል እንዴ? ሞክር። ምን ያደርጉሃል?»

ዘርይሁን ሞከረ። የመኪናዋን ግምት ስለ ስጦታ በሚጠይቀው ቦታ ላይ ጻፈ። ፎርሙ ደረሰኝ እንዳይላክ፣ ሰው በቤቱ እንዲያስቀምጠው በግልጽ ይናገራል። ይህንንም አንብቦታል። ነገር ግን እሱ ባደገበት አገር ማስረጃ ያልተያያዘበት ማመልከቻ መዝገብ ቤት ውስጥ አቧራ ሲጠጣ ነው የሚኖረው። ዋናውን ደረሰኝ፣ ማኅተሙ በደንብ እንዲታይ አድርጎ፣ በወረቀት መያዣ ከፎርሙ ጋር አያያዘው።

አሁን ደብዳቤውን ይዞ ወጥ ቤት ሲቆም ያስጨነቀው የታክሱ ነገር አልነበረም። ባለፈው መስከረም ዜግነት ለማግኘት አፕላይ አድርጓል። ማመልከቻው ሊቨርፑል፣ የስደተኛና የዜግነት ጉዳይ በሚያየው በሆም ኦፊስ ተቀምጧል። ከጥያቄዎቹ አንዱ፣ ከዚህ በፊት የተጠራበት ሌላ ስም እንዳለ ይጠይቃል። ዘርይሁን «የለም» ብሎ ጽፏል። ከታች ደግሞ የተናገረው ሁሉ እውነት መሆኑን፣ ሐሰት ቢገኝበት በሕግ እንደሚጠየቅ አምኖ ፈርሟል። ሁለቱ መሥሪያ ቤቶች ቢነጋገሩ፣ አንዱ ለሌላው «ይህ ሰው በሁለት ስም ይሠራል» ብሎ ቢጽፍ፣ የእሱ ብቻ ሳይሆን በእሱ ስም የገባችው የአልታየሽም ወረቀት አብሮ ይሄዳል። ያስፈራው ይህ ነው።

ፍርሃቱ ሥር ነበረው። በ1978፣ በቀይ ሽብር ጊዜ፣ አሰሳ ቤታቸው ሲገባ በታላቅ ወንድሙ በኪዳኔ ኪስ ውስጥ ሁለት ወረቀት ተገኘ። አንዱ የቀበሌ መታወቂያው ነው። ሌላው የሰንበት ትምህርት ቤት የአባልነት ካርድ ሲሆን የክርስትና ስሙ ተጽፎበት ነበር። «ይህ የማን ነው?» ሲሉት «የኔ ነው፣ የክርስትና ስሜ ነው» አለ። የፓርቲ ስም ነው አሉት። ከዚያ አንደኛው ወደ ዘርይሁን ዞሮ፣ «አንተስ? ሌላ ስም አለህ?» አለው። ዘርይሁን ያኔ ሃያ ዓመቱ ነበር። «የለኝም» አለ። ኪዳኔን ወሰዱት፤ አልተመለሰም።

ሰኞ ጧት ሥራ እስኪጠራቸው ሲጠብቁ ደብዳቤውን ለአህመዲን አሳየው። አህመዲን ሻዩን አስቀምጦ አነበበ።

«እኔን ስማኝ ዘርዬ። ጥፋቱ የራሳችሁ ነው። እኛ አላህም መንግሥትም በአንድ ስም ነው የሚያውቁን። እናንተ ለእግዜር ሌላ ስም እየሰጣችሁ ሰውየውን ታደናግሩታላችሁ።»

«አትቀልድ። በአንተ ምክር ነው ይህ የመጣው።»

«ሞክር አልኩህ እንጂ ደረሰኝ ላክ ብዬሃለሁ?» ፊቱን አየውና ቀልዱን ተወ። «በቃ፣ ወንድሜ ነው በላቸው። ወንድሜ ሰጠ፣ እኔ በስህተት አያያዝኩት። ያልቃል።»

ዘርይሁን በሬዲዮ ተጠራና ወደ ኬንቲሽ ታውን መንገደኛ ሊያመጣ ወጣ። በዚያ ሳምንት ሁለት ጊዜ መታጠፊያ ሳተ። አንዲት መንገደኛ «ሁልጊዜ የሚያደርሰኝ አንተ ነህ፤ መንገዱ ጠፋህ እንዴ?» አለችው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እትዬ ሮማንወርቅን አዳራሹ ጥግ ጠረጴዛቸው ጋ አገኛቸው።

«እትዬ፣ ያንን ደረሰኝ በመታወቂያ ስሜ ቢቀይሩልኝ? ያው በድሮው ቀን።»

«በድሮው ቀን? ልጄ፣ ጥራዙ ቁጥር አለው። ቀሪው እዚሁ ተጣብቋል፣ ተመልከት።» ገልጠው አሳዩት። ወልደ ጻድቅ፣ አንድ መኪና ይላል፤ ከእሱ በላይ አንድ ጃንጥላ፣ ከእሱ በታች ሁለት ምንጣፍ ተመዝግቧል። «እኔ ይህን ብሰርዝ ኦዲት የሚያደርጉን ሰዎች ሮማንወርቅ መኪና በላች ነው የሚሉት።»

ቄስ ተክለአብ ልብሰ ተክህኗቸውን አውልቀው እየተጣጠፈላቸው ነበር። ነገሩን ሰምተው ቀረቡ።

«ደብዳቤ እጽፍልሃለሁ» አሉ። «ዘርይሁንና ወልደ ጻድቅ አንድ ሰው ነው ብዬ። በዚህ አገር አስራ አንድ ዓመት ኖሬ እንዲህ ያለ ደብዳቤ ለስንቱ ጽፌያለሁ።»

«አባታችን፣ እኔ የምፈራው እሱኑ ነው። ሁለቱን ስም አንድ ላይ ያደረገ ወረቀት።»

ቄሱ ወረቀት ሳቡ። «ስሙ አንድ ላይ የሆነው እኮ አንተ ላይ ነው። ወረቀቱ ምን ጨመረ?» አሉና መልስ ሳይጠብቁ እዚያው ተቀምጠው ጻፉት። ዘርይሁን አጥፎ የውስጥ ኪሱ ከተተው። ይጠቀምበት አይጠቀምበት አላወቀም።

ታክስ ቢሮ የቀረበው ሐሙስ ነው። ቁጥር ይዞ ሃምሳ ደቂቃ ጠበቀ። ያነጋገረችው ሴት በሃምሳዎቹ ውስጥ ያለች፣ ሹራብ የደረበች፣ ጉንፋን የያዛት ነበረች። ፋይሉን ከፍታ ደረሰኙን ከነማኅተሙ አወጣች።

«መጀመሪያ አንድ ነገር ልንገርዎ» አለችው። «በዚህ አገር ሕግ ለእንዲህ ዓይነቱ ነገር የሚቆጠረው በገንዘብ የተሰጠ ብቻ ነው። መኪና አይቆጠርም። ስለዚህ ይህን መስመር እሰርዘዋለሁ። የሚጠየቁት ቅጣት የለም፤ ብዙ ሰው ተሳስቷል ዘንድሮ።»

ዘርይሁን ራሱን ነቀነቀ። ያ ሁሉ ቀን የታመሰበት ቅናሽ ከመጀመሪያውም አልነበረም። ተነሥቶ ለመሄድ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ አደረገ።

«እና ይህ ሚስተር ወልደ ጻድቅ» አለች፣ ስሙን እየተቸገረች። «ለፋይሉ ያህል ነው። እርስዎ ነዎት ወይስ ሌላ ሰው?»

የቄሱ ደብዳቤ ደረቱ ላይ ነበር። እጁን ወደዚያ ሰደደ፤ ኮቱን አስተካከለበትና መለሰው።

«ሌላ ሰው ነው። በስህተት ነው ያያያዝኩት።»

«ዘመድዎ?»

«ወንድሜ።»

«አድራሻውን ሊሰጡኝ ይችላሉ? ደረሰኙ ዋናው ስለሆነ ለራሱ ብንልክለት ይሻላል።»

ይህን አላሰበውም ነበር። «ሞቷል» አለ።

ሴትዮዋ ብዕሯን አቆመች። «በጣም አዝናለሁ» አለች፣ ከልቧም ይመስል ነበር። ከዚያ በትንሽ ቆንጆ ጽሕፈት፣ ደረሰኙ የጠያቂው ሟች ወንድም ንብረት መሆኑን ጻፈች። ተገልብጦም ቢሆን ዘርይሁን አነበበው። ደረሰኙን በሁለት እጇ አቀበለችው።

መኪናው ውስጥ ገብቶ ሞተሩን ሳያስነሣ ብዙ ቆየ። ሲገባ የነበረው አንድ «የለም» ብቻ ነበር፤ ያውም ባለማወቅ የተጻፈ። አሁን በመንግሥት ፋይል ውስጥ የሌለ ወንድም፣ የሌለ ሞት አለ። የሆም ኦፊስ ሰዎች የወንድሙን ስም ሲፈልጉ በማመልከቻው ላይ ምን ያገኛሉ? ኪዳኔ ብሎ ጽፏል፤ የሞተበትንም ዓመት። በ1978 የሞተ ወንድም በ1996 ለንደን ላይ መኪና ሰጠ ሊባል ነው። መስኮቱን ዝቅ አድርጎ አየር ሳበ።

አልታየሽ ከመጋዘን ሥራዋ ስትመለስ ከወጥ ቤቱ ወንበር ላይ አልተነሣም ነበር። ሁሉንም ነገራት፣ ምንም ሳያስቀር። እሷም ሻርፗን ሳትፈታ ሰማችው።

«ሞቷል አልክ?»

«አዎ።»

«ራስህን ገድለህ መጣህ በለኛ።»

«እንዲያው ከአፌ ወጣ። አድራሻ ስትጠይቀኝ...»

«እሺ። እና አሁን ምን ልታደርግ ነው?»

«ምን አደርጋለሁ? ዝም ማለት ነው። ፋይሉ ተዘግቷል።»

አልታየሽ ሻርፗን ፈትታ ወንበሩ ጀርባ ላይ አደረገችው። ስትናደድ ድምጿ ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም። «አንተ ዝም ማለት ትችላለህ እንዴ? ከመጣሁ ጀምሮ አይቼሃለሁ። በር ሲንኳኳ ትደነግጣለህ። ፖስተኛ ሲያልፍ ትደነግጣለህ። አሁን ደግሞ እውነተኛ ነገር ሰጠሃቸው። ሃያ ዓመት ትጠብቀዋለህ።»

«ብናገርስ? ‹የለም› ብለህ ፈርመሃል ቢሉኝስ? አንቺም እኮ በዚሁ ወረቀት ላይ ነሽ።»

«አውቃለሁ። ለዚህ ነው እኔም የምናገረው።» ከፊቱ ተቀመጠች። «ነገ ብትሞት ቄስ ተክለአብ ማን ብለው ነው በፍትሐት የሚፈቱህ? ዘርይሁን ብለው? ያን ስም ሞቷል ብለህ ለመንግሥት ካስመዘገብከው በምን ሊጠሩህ ነው?»

ዘርይሁን ጠረጴዛው ላይ ያለውን ደረሰኝ አየ። ማኅተሙ በላኪና በመላሽ እጅ ታሽቶ ጠርዙ ደብዝዟል።

«ቢመልሱንስ?» አለ።

«ወዴት?» አለች። «እስኪመልሱን እንብላ። ከዚያ ትጽፋለህ።»

በሉ። ዘርይሁን ጥቂት ጎርሶ ተወው። ወረቀት አወጣ። ለሥራ ንድፍ ያነሳ በነበረበት ጊዜ እንደሚያደርገው፣ መጀመሪያ በእርሳስ፣ ከዚያ በብዕር ጻፈ። ለታክስ ቢሮ የጻፈው አጭር ነበር፤ ወልደ ጻድቅ እኔ ነኝ፣ የጥምቀት ስሜ ነው፣ ሐሙስ ዕለት የተናገርኩት እውነት አልነበረም፣ ፈርቼ ነው። «ፈርቼ ነው» የሚለውን ሰርዞ መልሶ ጻፈው። ለሆም ኦፊስ የጻፈው ሦስት ጊዜ ተቀደደ። በአራተኛው፣ በማመልከቻው ላይ ሌላ ስም የለኝም ያለው ጥያቄው ይህን እንደሚጨምር ስላላሰበ መሆኑን፣ ያ ስም በቤተ ክርስቲያን ብቻ የሚጠራበት መሆኑን ገልጾ የቄሱን ደብዳቤ አያያዘ። አልታየሽ እንግሊዝኛዋ ገና ቢሆንም ከጎኑ ተቀምጣ ሁለቱን ስሞች ባየች ቁጥር በጣቷ ትነካቸው ነበር።

በማግሥቱ ወደ ሥራ ከመግባቱ በፊት ፖስታ ቤት ሄደ። ረጅም ሰልፍ ነበር፤ ዓርብ ስለሆነ ጡረተኞች ገንዘብ ሊቀበሉ መጥተዋል። በሰልፉ ውስጥ ሁለት ጊዜ ሐሳቡን ቀየረ። አንድ ጊዜ እንዲያውም ወጥቶ በሩ ላይ ደርሶ ነበር፤ ከኋላው የነበሩት አሮጊት «ቦታህን ይዤልሃለሁ» ሲሉት አፍሮ ተመለሰ።

«ሁለቱም በፊርማ የሚደርስ ይሁንልኝ» አለ መስኮቱ ጋ ሲደርስ።

ሠራተኛው ፖስታዎቹን መዘነ። ትንሽ ወረቀት ገፋለት። «የላኪውን ስምና አድራሻ እዚህ ይሙሉ።»

የስሙ ቦታ የአውራ ጣት ርዝመት ነበር። ዘርይሁን ስሙን ከአባቱ ስም ጋር ጽፎ ብዕሩን ሊያስቀምጥ ሲል ቆም አለ። ከኋላው ያሉት ሲያጉረመርሙ ይሰማዋል። ዝቅ ብሎ፣ በቀረችው ጠባብ ቦታ፣ ፊደሎቹን አጥብቦ ሁለተኛውንም ስም ጨመረ። ቦታው ስላልበቃው የመጨረሻው ፊደል ከመስመሩ ወጣ።

ሠራተኛው አነበበው። «ላኪዎቹ ሁለት ናችሁ?»

«አይ» አለ ዘርይሁን። «አንድ ነኝ።»

ሰውየው ትከሻውን ነቅንቆ ማኅተሙን መታበትና ቀሪውን ቀደደለት። ዘርይሁን ቀሪውን ወደ ኪሱ ሳይከት በእጁ እንደያዘ ወጣ። መልሱ በስንት ጊዜ እንደሚመጣ ሳይጠይቅ መውጣቱ ትዝ ያለው መኪናው ጋ ሲደርስ ነው።